ታብሌቱ የሚሰልለው ማንን ነው

ታብሌቶቹ የመጡ ዕለት መምህርት ወለተጻድቅ ምሳዋን ሳትቀምስ ዋለች። አልታመመችም፣ ጾምም አልነበረም። የአንድ እርዳታ ድርጅት ነጭ መኪና ግቢ ገብቶ ካርቶን ሲያራግፍ ቆማ ስታይ ምሳው ተረስቷት ነው እንጂ። ሌላው ሰው ስጦታ ሲያይ ጥርሱን ይገልጣል፤ እሷ ግን ከሃያ ዓመት በላይ በመንግሥት ትምህርት ቤት ስታስተምር በነጻ መጥቶ በነጻ የሄደ ነገር አላየችም። በነጻ የተሠራው መጸዳጃ ቤት የልጆቹን መሮጫ ሜዳ ይዞ ቀርቷል፤ በነጻ የመጣው ሥልጠና የክረምት ዕረፍቷን በልቷል። ስለዚህ ዳይሬክተሩ አቶ ሚሊዮን ካርቶኖቹን እንደ አራስ ልጅ አቅፎ ሲያስገባ፣ እሷ የመምህራን ማረፊያው በር ላይ እጇን አጣምራ ቆመችና «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» አለች። የሰማት አልነበረም። ቢሰማትም አይደንቀውም ነበር፤ ወለተጻድቅ ዝናብ ሲዘንብም የምትጠረጥር ሴት ናት።

ትምህርት ቤቱ ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ፣ ከአስኮ መንገድ ገባ ብሎ ነው። የድሮዎቹ ክፍሎች ጭቃ፣ አዲሱ ሕንጻ ብሎኬት ነው። ከጭቃዎቹ በአንዱ ውስጥ፣ የመጨረሻው ደወል ከተደወለ በኋላ፣ ወለተጻድቅ በእንግሊዝኛ ወደ ኋላ የቀሩትን የስድስተኛ ክፍል ልጆች ሰብስባ ታስተምራለች። ማካካሻ ይሉታል። ያዘዛት የለም፣ የሚከፍላትም የለም። ልጆቹ ከዚያ ክፍል አልፈው ሲዘልቁ ሳይንሱም ሒሳቡም በእንግሊዝኛ ይመጣባቸዋል፤ ያኔ ማንበብ ያልያዘ ልጅ ተስፋ ቆርጦ ከኋላ ወንበር ተኝቶ እንደሚውል ስንቴ አይታለች። ለዚህ ነው የጀመረችው። ከዚያ ባሏ ሞተ፣ አንድ ልጇም አግብታ አዳማ ገባች፣ ያች የአሥር ሰዓት ክፍልም ቀስ በቀስ ቤቷ ሆነች። ክፍሏን የወሰዱባት ቀን ምን ይዛ እንደምትቀር አታውቅም። ይህን አፍ አውጥታ ለማንም አልተናገረችም፤ መናገርም አያስፈልጋትም ነበር፣ ደወሉ ተደውሎ ወደ ጭቃው ክፍል ስትፈጥን ያያት ሁሉ ያውቀዋል።

የክፍሏ ድምፅ ደግሞ ዝነኛ ነው። እሷ አንድ ዓረፍተ ነገር ትላለች፣ ልጆቹ ባንድ አፍ ይመልሱላታል፣ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል። ከአጥሩ ማዶ ሱቅ ያላቸው ጋሽ ደሜ፣ የቀለም ትምህርት ደጃፍ ረግጠው የማያውቁት ሰው፣ ከስንት ዓመት መስማት ብዛት «ማይ ፋዘር ኢዝ ኤ ፋርመር» እያሉ ስኳር ይመዝናሉ። ደንበኛ ይስቃል። ወለተጻድቅ ይህን የነገሯት ቀን እንደ ሽልማት ቆጥራው ነበር።

ታብሌቱ መምህራን ማረፊያው ውስጥ የገባ ሰሞን ሰውን ሁሉ ለሁለት ከፈለው። የሒሳብ መምህሩ ጋሽ አሰፋ፣ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት የቀራቸው፣ ነገሩ መሰለያ ነው ባይ ናቸው። ፊቱ ላይ ካሜራ አለው፤ ካሜራ ዓይን ነው፤ ዓይን ደግሞ ለባለቤቱ ነው የሚያየው። እሳቸው ባሉበት ታብሌት ከተቀመጠ መሃረባቸውን አውጥተው ያለብሱታል፤ ደመወዝና ዳይሬክተር በሚታሙበት ሰዓት ደግሞ ከነመሃረቡ ወደ ውጭ ያስወጡታል። ወጣቷ የኅብረተሰብ መምህርት ማራኪ በበኩሏ ይምጣልን ትላለች፤ ሰባ ልጅ ተራ በተራ አስነብቦ የጨረሰ መምህር ካለ እጁን ያውጣ፣ ማሽኑ ይገላግለን። ሌላው መብራት በሄደ ቁጥር የሚሞት አስተማሪ ምን ይረባናል ይላል። ወለተጻድቅ የሁሉንም ሰማችና የጋሽ አሰፋን ያዘች። ብቻ እሳቸው ደመወዛቸውን ሲጠብቁ እሷ የምትጠብቀው ሌላ ነገር ነበር።

ታብሌቶቹን የተረከበው ረሻድ ነው። ረሻድ የኮምፒውተር መምህር ሲሆን የሳንሱሲ ልጅ ነው፤ ከነጋዴ ቤት ወጥቶ ጠመኔ የመረጠ። ወለተጻድቅ በዚያው ግቢ አስተምራዋለች። ተመርቆ ተመድቦ የመጣ ዕለት ከሁሉ በፊት እሷን ፈልጎ ጉልበቷን ሊስም ጎንበስ አለ፣ ከዚያም ቦርሳዋን ተቀብሎ እስከ ፌርማታ ሸኛት፤ መሸኘቱም ልማድ ሆኖ ቀረ። ስለ ታብሌቱ ሲያስረዳ ዓይኑ ያበራ ነበር። ልጁ የወጣለትን ዓረፍተ ነገር ጮክ ብሎ ያነባል፣ ማሽኑ አዳምጦ ከመቶ ነጥብ ይሰጠዋል። አይደክምም፣ አይቆጣም፣ አይቀርም። ወለተጻድቅ የማይቆጣ አስተማሪ ምን ዓይነት አስተማሪ ነው ብላ ጠየቀች። ሁሉም ሳቀ፣ ረሻድም ሳቀ፤ እሷ ግን የምሯን ነበር።

አቶ ሚሊዮን ማጣላት አይወድም፣ ማወዳደር ግን ነፍሱ ነው። የማካካሻውን ልጆች ለሁለት ከፈላቸው። ግማሾቹ ከወለተጻድቅ ጋር ይቆያሉ፣ ግማሾቹ ወደ ረሻድ ሄደው በታብሌት ይማራሉ። መንፈቀ ዓመቱ ሲያልቅ የድርጅቱ ሰዎች መጥተው ያያሉ፤ ልጆቹን የተሻለ ያስነበበው የአሥር ሰዓቱን ክፍል ይይዛል፣ የሌላው ያበቃል። ይህን ሲነግራት ድምፁን አለስልሶ ፉክክር እንዳይመስላት፣ ሁሉም ለልጆቹ ሲባል መሆኑን ጨመረላት። ፉክክር ያልሆነን ነገር ማንም ሰው ፉክክር አይደለም ብሎ አያስተባብልም። ያን ያህል አማርኛ ታውቃለች።

ገና ሳምንታት ሳይቆጠሩ ውጤቱ ጠዋት ሰልፍ ላይ በድምፅ ማጉያ ተነበበ። የረሻድ ልጆች ሰማንያና ዘጠና ይላሉ። ፈትያ ዘጠና አራት። ወለተጻድቅ ሰልፉ ጫፍ ቆማ ጆሮዋን ተጠራጠረች። ፈትያን ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ሁለት ዓመት አስተምራታለች፤ መሃል ወንበር ላይ የምትቀመጥ፣ ሥርዓት ያላት፣ ድምፅዋ ከሌላው ተለይቶ ተሰምቶ የማያውቅ ልጅ ናት። በሁለት ዓመት ያልሆነው በምን ተአምር በዚህ ፍጥነት ሆነ? አቶ ሚሊዮን ውጤቱን አንብቦ ሲጨርስ ማሽኑን አመሰገነ፣ ረሻድን አመሰገነ፣ ከዚያ በመነጽሩ ላይ አሻግሮ ወደ እሷ ተመለከተ። ቢያንስ እሷ እንደዚያ መሰላት።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብላ ምርመራዋን ጀመረች። ደብተር የምታርም መስላ በረሻድ መስኮት አጠገብ ትመላለሳለች። ልጆቹ እያንዳንዳቸው ታብሌታቸው ላይ አቀርቅረው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ መስታወቱ ተዘግቶ ስለሚውል ሌላ የሚሰማ ነገር የለም። ረሻድ ጥላዋን ካየ ፊቱን ወደ ሰሌዳው ያዞራል። ድሮ ቦርሳዋን የሚቀበላት ልጅ፣ አሁን ኮሪደር ላይ ከሩቅ ሲያያት ስልክ እንደተደወለለት ሰው እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ይታጠፋል። ወደ ፌርማታ መሸኘቱም ቀርቷል። የበደለ ሰው አረማመዱ ያስታውቃል። ያጎረሰ እጄን ተነከስኩ አለች ወለተጻድቅ፣ አንጀቷ እያረረ። ክፍሏን ሊወስድባት የተነሳው ማሽን ቢሆን እንዲህ አያማትም ነበር፤ ማሽን አላስተማረችም።

የፈትያ እናት አልፊያ ከሳንሱሲ ወረድ ብሎ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላት። ወለተጻድቅ አንድ ቅዳሜ መጋረጃ ፈላጊ መስላ ገባች። አልፊያ የልጇን አስተማሪ ስታይ ሌላ ደንበኛ ትታ ተነሳች፣ ወንበር አቀረበችላት፣ ለስላሳ አስከፈተችላት፣ ምርቃቱንና ምስጋናውን አወረደችው። ልጇ ተለውጣለች። ቤት ውስጥ ስትንጎራደድ እንግሊዝኛ ትናገራለች፣ ያውም እንደ ፈረንጅ በአፍንጫዋ። መድረሳም ቢሆን ኡስታዙ ይች ልጅ አንዴ የሰማችው ከጆሮዋ አይወጣም ይላሉ። ማን ያስጠናታል ለሚለው የወለተጻድቅ ጥያቄ አልፊያ እጇን ዘርግታ ማንም አለች፤ ታላላቆቿ ሱቅ ነው የሚውሉት። ከዚያ እየሳቀች አንድ ነገር ጨመረች። እስቲ የጨርቁ ካርቶን ላይ ያለውን እንግሊዝኛ አንብቢልኝ ስትላት፣ ፈትያ ማሽኑ ከሌለ እንዴት አነባለሁ ትላታለች። የዛሬ ልጅ ያለ ማሽን ውሃም አይጠጣ ብላ አልፊያ ሳቀች፣ ወለተጻድቅም አብራ ሳቀች።

ከሱቁ ስትወጣ ልቧ ይዘል ነበር። አንዲት ልጅ ማንበብ አለመቻሏን ሰምቶ የሚፈነድቅ አስተማሪ ምን ዓይነት አስተማሪ እንደሆነ ራሷን የምትጠይቅበት ጊዜ አላገኘችም። የማያስፈልጋትን የመጋረጃ ጨርቅ በፌስታል አንጠልጥላ ታክሲ ተሳፈረች።

ሰኞ ዕለት ረሻድ ዘንድ ሄዳ እኔም ልማር እንጂ፣ ዘመን ጥሎኝ ሊሄድ ነው አለችው። ረሻድ ደነገጠ። ግን ለአስተማሪው እምቢ ማለት አልለመደበትም፤ አንዱን ታብሌት ከብረት ቁምሳጥኑ አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጣት። በዕረፍት ሰዓት ፈትያን ወደ ጭቃው ክፍል ጠራቻትና በሩን ገርበብ አደረገችው።

ፈትያ ታብሌቱን እንደ ራሷ ዕቃ አስነሳችው። ዓረፍተ ነገሩ ወጣ። ወዲያው ከውስጡ አንዲት የፈረንጅ ሴት ድምፅ ዓረፍተ ነገሩን ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ ከዚያ ቀይ ምልክት በራና ፈትያ ያችኑ ድምፅ ከነመውጣቷ ከነመውረዷ መልሳ አለቻት። ዘጠና ስድስት። ለካ ሚስጥሩ ይህ ነው። ማሽኑ ራሱ ቀድሞ ይነግራቸዋል፣ እነሱ ይደግሙለታል፣ እሱም በራሱ ድምፅ ተደስቶ ነጥብ ያድላል። እጇን ሰድዳ ጎኑ ላይ ያለውን ቁልፍ ተጭና ድምፁን እስከ መጨረሻው ዝቅ አደረገችውና ፈትያን ቀጣዩን እንድታነብ አዘዘቻት።

ፈትያ ጠበቀች። ታብሌቱን አየችው፣ አስተማሪዋን አየቻት፣ ደግሞ ታብሌቱን።

«አልተናገረም እኮ ቲቸር» አለች።

ሳይናገር እንድታነብ ነገረቻት። ልጅቷ የሻሿን ጫፍ በጣቷ መጠምዘዝ ጀመረች። ፊቷ ላይ ያለው ሐፍረት አይደለም፤ የጨዋታው ሕግ እንደፈረሰበት ልጅ ግራ መጋባት ነበር።

«ቀድመው ሳይሉልን እንዴት እናነባለን ቲቸር? እርስዎም ክፍል ቀድመው ይሉልን የለ?»

ወለተጻድቅ ይህን በአንድ ጆሮዋ ነው የሰማችው። ሌላው ጆሮዋ ድሉን እያዳመጠ ነበር። ልጅቷን ራሷን ዳብሳ አሰናበተቻትና ታብሌቱን በብብቷ ይዛ ረሻድን ፍለጋ ገሰገሰች።

ረሻድን ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ታብሌቶቹን ቻርጅ ላይ እየሰካ አገኘችው። በሩን ዘጋች። መንገዱን ሙሉ ያሰናዳችው ንግግር ነበራት፤ ስለ ውለታ፣ ስለ እምነት፣ ስለ ጡት ነካሽ የሚል። ከአፏ የወጣው ግን አጭር ጥያቄ ብቻ ሆነ። ድምፁን ቀድሞ እንዲናገር ያደረግከው አንተ ነህ አለችው። ይክዳል ብላ ስትጠብቅ ረሻድ አዎ አለ። አዎ ብሎም መሬት መሬት ማየት ጀመረ።

«ለምን?» አለች።

«ይለፉኝ ቲቸር።»

«ተናገር ስልህ።»

ረሻድ የያዘውን ገመድ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «የመጀመሪያው ቀን ድምፁን አጥፍቼ ነው የፈተንኳቸው። ሲጀመር እንደሱ ነው የሚደረገው፣ የት እንዳሉ ለማወቅ። ያነበበ አልነበረም። ሁለት ልጆች ተንተባተቡ፣ የቀሩት ዝም። ሁሉም ከእርስዎ ክፍል የመጡ ናቸው፣ እዛ ውጤቱ ሥር ደግሞ ያስተማራቸው ሰው ስም ይገባል። የእርስዎ ስም ነበር። እሱን ለአቶ ሚሊዮን ልስጠው?»

ወለተጻድቅ በብብቷ የያዘችውን ታብሌት አውርዳ አየችው።

«ስለዚህ ድምፁን ለቅቄ ደግሜ ፈተንኳቸው። ከእርስዎ ተምረው የመጡ ልጆች ጎበዞች ናቸው እንዲባል ነበር እኮ። ሰውዬው ግን ማሽኑ ነው ያስተማራቸው ብሎ በድምፅ ማጉያ ለፈፈው። ከዛ በኋላ በየት በኩል ልመለስ?»

«ለእኔ ለምን አልነገርከኝም?»

«ለእርስዎ?» ረሻድ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ ውሃ አዝሏል። «እርስዎ ያስተማሩኝ ሰው፣ በምን አፌ ልጆችዎ አያነቡም ልበልዎት?»

ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ፤ አገር ያቆመም እሱ ነው፣ ቤት የሚያፈርስም እሱ ነው። ይህ ልጅ ስልክ እንደተደወለለት እያስመሰለ በየኮሪደሩ ሲሸሻት የከረመው ስለበደላት አልነበረም፤ ሐፍረቷን ተሸክሞላት እንጂ። ወለተጻድቅ ከልጆቹ ወንበር በአንዱ ላይ ተቀመጠች። ሌላ የሚያውቅ ሰው እንዳለ ጠየቀችው። ረሻድ ወደ መምህራን ማረፊያው በአገጩ ጠቆመ። ጋሽ አሰፋ ያውቃሉ። ማራኪ ታውቃለች። ከእሷ ክፍል አልፈው የሄዱትን ልጆች የተቀበለ መምህር ሁሉ ያውቃል፤ ብቻቸውን ሲነሱ እንደማያነቡ፣ አብረው ሲሉ ግን ቆርቆሮ እንደሚያንቀጠቅጡ። ስንት ዓመት ሻይ አብረዋት ሲጠጡ አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሰውን ሁሉ ስትጠረጥር የኖረች ሴት፣ አንድ ቀን እንኳ የራሷን ክፍል አልጠረጠረችም።

ልትወጣ ስትነሳ አንድ ነገር ከነከናትና ዞረች። አንተስ ማንበብ ከእኔ አይደለም የተማርከው አለችው። ረሻድ ለመዋሸት ሲፈልግ አየችው፤ አልቻለም።

«መውደዱን ከእርስዎ ነው ያገኘሁት ቲቸር። ማንበቡን እህቴ ናት ያስያዘችኝ።»

በማግስቱ አሥር ሰዓት ላይ ወለተጻድቅ ጭቃው ክፍል ገብታ ሰሌዳው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፈች። መጽሐፋቸው ውስጥ የሌለ፣ አጭር፣ ቀላል። ከዚያ ዞራ ዝም አለች። ልጆቹ አፋቸውን አዘጋጅተው ይጠብቋታል። እሷም ትጠብቃቸዋለች። አንዱ ሳቀ። አንዷ ለጎረቤቷ ቲቸርን አሟታል አለች። ስም እየጠራች አስነሳቻቸው። የመጀመሪያው ቆሞ ሰሌዳውን እንደ ግድግዳ አየው። ሁለተኛዋ «ማይ ፋዘር» ብላ ጀመረች፤ ሰሌዳው ላይ ስለ አባት የተጻፈ ነገር አልነበረም። ሦስተኛው አቀርቅሮ ጫማውን አየ። ከክፍሉ ሙሉ ልጅ እየተንገዳገዱም ቢሆን የጨረሱት ጥቂቶች ነበሩ፤ እነሱም ቤት የሚያስጠና ሰው ያላቸው። ወለተጻድቅ ጠመኔውን አስቀመጠች። አፈረች። ልጅ ፊት ማፈር ከሰው ሁሉ ፊት ከማፈር እንደሚብስ ያን ቀን አወቀች። እነዚህ ልጆች ሰነፎች አልነበሩም፤ በሰጠቻቸው መንገድ ጎበዞች ነበሩ። የሰጠቻቸው መንገድ ነው ወደ ማንበብ የማያደርሰው።

መንፈቀ ዓመቱ አልቆ የድርጅቱ እንግዶች ሐሙስ ይመጣሉ። ረሻድ ረቡዕ ዕለት ፌርማታ ድረስ ተከትሏት መጥቶ ምን ላድርግ አላት፤ ነገ እናያለን ብላ ታክሲ ገባች። እውነቱን ለመናገር እሷም አላወቀችም። ሁለት መንገድ ነበራት። አንደኛው፣ ልጆቿን አሰልፋ ጣሪያውን ማንቀጥቀጥ፣ ከዚያ የታብሌቱን ድምፅ አጥፍታ የማሽኑን ገመና ለእንግዶቹ ማሳየት፤ ክፍሏ ለእሷ ይጸናል፣ ረሻድም ስለ እሷ ያደረገውን መቼም አይናገር። ሁለተኛው ዝም ማለት ነው፤ ክፍሉን ለማሽኑ ለቅቃ፣ ስሟን ግን ይዛ መውጣት። ሁለቱም መንገድ ያስኬዳል። በሁለቱም መጨረሻ ላይ ግን ፈትያ ቆማ ታየቻት፣ ወደሚቀጥለው ክፍል አልፋ፣ የሳይንስ መጽሐፍ ከፍታ፣ የሚናገርላት ሰው ስትጠብቅ።

ሐሙስ ዕለት የድርጅቱ ተወካይ ሃና ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር መጣች። ሃና ፈጣን፣ ትሑት፣ ጥያቄ የምታበዛ ሴት ናት። አቶ ሚሊዮን ክራቫት አስሯል። በቅድሚያ ወደ ረሻድ ክፍል መራቸው፤ መምህራኑም ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ፤ ጋሽ አሰፋ ከካሜራው በተቻላቸው መጠን ርቀው። አቶ ሚሊዮን ስለ ማሽኑ ብዙ ተናግሮ ሲያበቃ ፈትያን ከፊት አስቀመጣትና ለእንግዶቹ እንድታነብ ጋበዛት። ረሻድ ታብሌቱን አቀበላት። ወደ ወለተጻድቅ አየ።

ወለተጻድቅ ከኋላ ተነስታ በወንበሮቹ መሃል አለፈች። ማንም ለምን ብሎ አልጠየቃትም፤ የልጅቷን ሻሽ የምታስተካክል መስሏቸዋል። ጎንበስ ብላ ጎኑ ላይ ያለውን ቁልፍ ተጫነች፣ እስኪጠፋ ድረስ ያዘችው።

ዓረፍተ ነገሩ ወጣ። ድምፅ የለም። ፈትያ ጠበቀች። አቶ ሚሊዮን ጉሮሮውን ጠረገ። ከእንግዶቹ አንዱ ኔትወርክ ይሆን እንዴ አለ። ረሻድ ግንባሩን ላብ አጥምቆት ወደ ፊት ወጣ።

«ድምፁ ተበላሽቶ ነው መሰለኝ» አለ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ጠዋት አላየሁትም።»

አሁንም ሊሸፍናት ነው። ወለተጻድቅ ይህን ስታይ የቀራት ማመንታት ለቀቃት።

«አልተበላሸም፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለች። «ድምፁ ቀድሞ ሲነግራቸው ይደግማሉ። ሳይነግራቸው አያነቡም። ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም፣ የዚህ ልጅም አይደለም። እኔ ዘንድ ሲማሩም እንዲሁ ነበሩ።»

ሃና ብዕሯን ከወረቀቱ ላይ አንስታ ልጆቹን ከዚህ በፊት ያስተማረቻቸው እሷ እንደሆነች ጠየቀቻት።

«አዎ። የእኔ ልጆች ናቸው። ያኛው ክፍል ያሉትም እንደዚሁ ናቸው፣ ሄዳችሁ አንድ በአንድ ጠይቋቸው። አብረው እንዲሉ ግን አትፍቀዱላቸው።»

አቶ ሚሊዮን ወደ ጆሮዋ ተጠግቶ ምን እያደረጉ ነው እትዬ፣ ክፍሉን በገዛ እጅዎ እየጣሉ እኮ ነው አለ። እንደዚያ እያደረገች መሆኑን ታውቃለች። የባሏን ቀብር ውላ ቤቷ የተመለሰች ቀን ትዝ አላት። ጋሽ አሰፋ ባርኔጣቸውን አውልቀው ይዘው ነበር፤ ለምን እንዳወለቁት እሳቸውም የሚያውቁ አይመስሉም።

ታብሌቱን አሁንም አልወደደችውም። ወደፊትም የምትወደው እንዳይመስላችሁ። ግን ዓረፍተ ነገሩ እዚያ ላይ እንደበራ ነው፣ ልጅቷም እዚያው ናት፣ ሰው ሁሉ እያያት፣ የሻሿን ጫፍ መጠምዘዝ ጀምራለች። ወለተጻድቅ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። የፈትያን ጣት ይዛ የመጀመሪያው ቃል ሥር አደረገችላት፣ ከዚያ እጇን መልሳ ጉልበቷ ላይ አኖረች።

ከበላያቸው አቶ ሚሊዮን ይቅርታ ይጠይቃል፣ ሃና አንድ ነገር ትመልሳለች። ረሻድ ከዓይኑ ላይ እንባውን በክንዱ ጠረገ። ወለተጻድቅ የዘወር በሉ ያህል እጇን አወዛወዘች እንጂ ቀና ብላ አላየቻቸውም።

ጊዜው ረዘመ። ፈትያ የመጀመሪያውን ፊደል አየች፣ ሁለተኛውን አየች፣ አስተማሪዋን ልታይ ብላ ተወችው። ከዚያ በጣም ቀስ ብላ፣ በፈረንጇ ሴት ሳይሆን በገዛ ድምፅዋ፣ አንዲት አጭር ቃል አወጣች። ትክክል ነበረች። ጣቷን ወደሚቀጥለው ቃል አሻግራ ቆመች።

ቀጣዩን ቃል ወለተጻድቅ ታውቀዋለች። ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። አልተናገረችውም፣ ጠበቀች።